ከሶፋው ፊት ለፊት ያለው በር

ዲላ ውስጥ፣ ወደ ይርጋጨፌ በሚወጣው አስፋልት ዳር፣ አንድ ቀጭን ፎቅ ቤት አለ። ሚኒባስ ውስጥ «ጠጋ በሉ» ተብሎ በሁለት ወፍራም ሰዎች መሃል የገባ ተሳፋሪ ነው የሚመስለው፤ ትከሻውን ሰብስቦ ቁጭ ብሏል። ሰፈሩ «ቀጭኑ ቤት» ይለዋል። ቤቱ የጋሽ ጴጥሮስ ነው፤ የነደፈችው ደግሞ ልጃቸው ሃሌሉያ ናት። ሃሌሉያ አርክቴክት መሆኗን ሳይሰማ ከዚያ ቤት የወጣ እንግዳ የለም።

ብትኮራ ግን አይፈረድባትም። የጋሽ ጴጥሮስ ግቢ ድሮ ሰፊ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ የፊቱ ተቆረጠ። የኋላው ደግሞ፣ እንሰቱም ከእንሰቱ ጀርባ የነበረው ሽንት ቤትም ሳይቀር፣ ባለቤታቸው በታመሙ ጊዜ ለሕክምና ተብሎ ተሸጠ። ሴትዮዋም አልተረፉም። የቀረችውን ቁራጭ መሬት ያየ ሁሉ «ሸጠህ ውጣ፣ እዚህ ላይ ምን ይሠራል?» ሲላቸው፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው ሃሌሉያ ብቻ አይሆንም አለች። «ቦታው አልጠበበም፣ የጠበበው የሰዎቹ ሐሳብ ነው» አለች። ይህንኑ ቃል ኋላ በቴሌግራም ቻናሏ ላይ ጻፈችው፣ ሰውም ወደደላት።

ሠራችውም። ከታች ሳሎን፣ ማዕድ ቤት፣ ጉልበታቸው ደረጃ ስለማይችል የአባቷ መኝታ ቤት፣ ከእሱ ጎን ደግሞ የራሷ የሥራ ክፍል። ከላይ የእሷና የእንግዳ መኝታ። ሽንት ቤቱስ? እሱን ከደረጃው ሥር ወሸቀችው። በሌላ ሰው ቤት መጥረጊያና ባልዲ የሚጣልበትን ጎድጓዳ ቦታ በነጭ ሴራሚክ ለብጣ፣ ግድግዳው ቦታ እንዳይበላ በስስ ቦርድ ከልላ፣ ብርሃን እንዲያገኝ ከበሩ በላይ መስታወት አድርጋ፣ አንዲት ለእጅ መታጠቢያ የምትሆን ትንሽ ሳህን ሳትቀር አስገባችበት። በሩ የሚከፈተው ወደ ሳሎን ነው፤ ከትልቁ ሶፋ ፊት ለፊት።

ያቺ በር የሃሌሉያ መመኪያ ነበረች። ጠባብ መሬት ያለው ሰው ሁሉ፣ የዲላውም የይርጋጨፌውም፣ «ለጭንቀቴ መላ በይኝ» እያለ ሲመጣ ሶፋው ላይ ታስቀምጠውና ሻይ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ተነስታ «ይሄን ደግሞ እዩልኝ» ብላ በሩን ወለል ታደርገዋለች። እንግዳው አፉን ይይዛል። «አንዲት ስንዝር እንኳን አላባከንሽም እኮ» ይላታል። ይሄን ቃል ስትሰማ ሆዷ ቅቤ ይጠጣል። አንድ ቀን ከገደብ ከተማ የመጣ ቡና ነጋዴ፣ ሰው ሽንት ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ድምፁ ሳሎን ድረስ ቢሰማው «እናንተ ቤትስ ሬዲዮ አያስፈልግም» ብሎ ቀለደ፤ አብረውት የመጡትም ሳቁ። ሥራ ሊሰጣት የመጣ ሰው ነው፣ እሷም ሳቀች።

እሳቸው፣ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ሻይ ወዳጅ ነበሩ። አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲሠሩ የያዙትን ትልቅ የብረት ኩባያ እስከ ጡረታቸው አልለወጡትም፤ እሱን ሙሉ ጠጥተው «ድገሚኝ» ሳይሉ አይነሱም ነበር። አዲሱ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ሻይ ተዉ። «አልስማማኝ አለ» አሉ። ውሃም ቢሆን ከንፈራቸውን ለማርጠብ ያህል ነው። ሃሌሉያ «ዕድሜ ነው» ብላ አለፈችው።

ደግሞ መውጣት አመጡ። ሳሎን ውስጥ እንግዳ ሞልቶ ወሬው ሲደራ ከክፍላቸው ብቅ ይሉና፣ ሶፋውንም በሩንም አየት ያደርጉና፣ «ትንሽ እግሬን ላፍታታ» ብለው ይወጣሉ። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ይወጣሉ። የዲላን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ እሳቸው በዚያ ዝናብ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይሄዳሉ። ልጅቱ ደስ አላት እንጂ አልከፋትም። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ያድርጉ ብሏቸው የለ።

የሚሄዱት ግን ሩቅ አልነበረም። ጎረቤታቸው የወይዘሮ የሺሃረግ ግቢ ነው የሚገቡት። ወይዘሮ የሺሃረግ ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው አዋሳና አዲስ አበባ የተበተኑባቸው፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ሴት ናቸው። እንግዲህ ሰፈር ሰፈር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዝናብ ጃንጥላ ይዞ ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ በቀን ስንት ጊዜ ሲገባና ሲወጣ እያየ ዝም የሚል ሰፈር አለ? ዝም አላሉም።

ወሬው ሃሌሉያ ጆሮ የደረሰው በጋሽ ሲላስ በኩል ነው። ጋሽ ሲላስ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው በሽማግሌነት ያገለግላሉ። ለደንበኛ የምታሠራው ቤት ድረስ መጡባት። ከአሸዋው ክምር አጠገብ ቆመው ባርኔጣቸውን እያሻሹ ዳር ዳር ካሉ በኋላ፣

«አባትሽን ምከሪው» አሏት።

«ምን አድርጎ?»

«እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ መናገር ይከብዳል። ከዚያች ሴት ደጅ አልጠፋ ብሏል። ምእመኑ እያወራ ነው። እኔ ነገሩን ደጋግሜ አብርጄዋለሁ፣ አሁን ግን ከእጄ ወጥቷል። እሁድ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ቤታችሁ እንመጣለን። ካልተመለሰ ከአገልግሎት መታገዱ ነው።»

ሃሌሉያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግንበኞቹ የሰሙ መሰላት። እናቷ ከሞተች ገና ምን ያህል ሆነና፣ አለች በልቧ፤ ደግሞ ይሄን የሰማ ደንበኛ ነገ ቤቴን ሊያይ ሲመጣ ምን ብሎ ነው የሚያየኝ? አዎ፣ ይሄም መጣባት። እውነቱን እናውራ ከተባለ ከእናቷ ይልቅ ያሳሰባት ይሄኛው ነው።

ማታውን እራት ላይ አፈነዳችው።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?»

ጋሽ ጴጥሮስ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱ። ምን እንደተባለ፣ ማን እንደነገራት አልጠየቁም።

«አፍራለሁ እንጂ ልጄ» አሉ። «በጣም ነው የማፍረው።»

ሃሌሉያ ጥፋታቸውን ያመኑ መሰላት። ሳህኑን አንስታ ሄደች፤ እስከ እሁድም በደህና አላነጋገረቻቸውም። አባትና ልጅ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እየተላለፉ እንደማይተዋወቅ ሰው ከረሙ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ሲላስና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ጋሽ ጴጥሮስ ከፊታቸው በርጩማ ላይ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሃሌሉያ ሻይ አቀረበች። ጋሽ ሲላስ ነገሩ ስለከበዳቸው ይሁን ብርዱ፣ አንዱን ጨልጠው ሌላ አስቀዱ፣ እሱንም ጨልጠው ደገሙ። ተጸለየ። ከዚያ ጀመሩ።

«ጴጥሮስ» አሉ ጋሽ ሲላስ፣ «አንተን እንዲህ ፊቴ አስቀምጬ መጠየቅ ለኔ ሞት ነው። ግን መልስልኝ። ከዚያች ሴት ግቢ ምን ትሠራለህ?»

«ክፉ ነገር አልሠራሁም።»

«ታዲያ ምን? ዘመድህ አይደለች። የጋራ ሥራ የላችሁ። በፀሐይ እዚያ፣ በዝናብ እዚያ። እንዲህ ነው በለንና እኛም ለሕዝቡ እንዲህ ነው እንበል።»

ጋሽ ጴጥሮስ አንገታቸውን ደፉ። አንዴ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩአት፤ ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ።

«እንዲህ ነው ብዬ የምናገረው ነገር የለኝም» አሉ።

«እንግዲያው ከሽማግሌነትህ እንድትነሳ ልናደርግ ነው። ገብቶሃል?»

«እናንተ ያላችሁት ይሁን።»

ሃሌሉያ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ስም እንዲህ እንደ ዋዛ ሲለቁት ስታይ ተናደደች። ያቺ ሴት ትምጣና እዚሁ ትናገር ብላ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ወይዘሮ የሺሃረግ በረንዳቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

«እትዬ የሺ፣ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ናቸው» አለች ሃሌሉያ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። «ይምጡና ከአባቴ ጋር ያለዎትን ነገር ይንገሯቸው። እኛን ማዋረድ ይብቃዎት።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ጎመኑን አስቀምጠው ተነሱ። የተቆጡ መስለው ነበር፤ የልጅቱን ፊት ሲያዩ ግን ተዉት።

«ያለኝን ነገር ነው የምትይው? ነይ ላሳይሽ» አሉ።

በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ ወሰዷት። እንሰቱ መሃል ጭቃ እንዳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎበት ቀጭን መንገድ ወጥቷል። መጨረሻው ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ሽንት ቤት አለች። ደጃፏ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ አጠገቡ በተቆረጠ ፕላስቲክ ውስጥ ሳሙና። በሩ ላይ አዲስ የእንጨት መቀርቀሪያ ተመቷል። እንጨቱን ሃሌሉያ አወቀችው፤ ከቤታቸው የደረጃ መደገፊያ የተረፈ ነው።

«ድንጋዩን ያነጠፉት አባትሽ ናቸው። መቀርቀሪያውንም እሳቸው ናቸው የሠሩት። የኔና የአባትሽ ነገር ይኸው ነው፣ እዪው። ከበረንዳዬ አልፈው ቤቴ ገብተው አያውቁም።»

«ቤታችን እኮ...» ብላ ጀመረች ሃሌሉያ።

«ቤታችሁማ አለ። ፊቱ ሰው ደርድረሽበት። እሳቸው ሽንት የሚያመላልሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸውን ያዳመጠውን ሰው ሁሉ ዓይን ለዓይን እያዩ እንዲያልፉ ነው? አንድ ቀን ገብተው ሳሉ እንግዶችሽ ሳቁ አሉኝ። ‹የልጄንም ሳቅ ሰማሁት› አሉኝ።»

ሃሌሉያ የገደቡ ነጋዴ ትዝ አላት። ያን ቀን ውስጥ ማን እንደነበረ ከቶ አልጠየቀችም ነበር። በሩ ተከፍቶ አባቷ ሲወጡ ማየት ነበረባት፤ እሷ ግን ያኔ ፊቷን ወደ ነጋዴው አዙራ ፕላን እየዘረጋች ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አባትሽ ለምነውኝ ነዋ። ‹ልጄ እንዳትሰማ፣ ያ ቤት እንጀራዋ ነው› አሉኝ። እኔን ሰው ምን እንደሚለኝ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ማርያምን እልሻለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው ገበያ የምወጣው። ግን እኒያን ሽማግሌ በሬን ዘግቼ የት ልስደዳቸው?»

ሃሌሉያ ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት። ሌላ ነገር ነበር የመጣባት። እሷ ራሷ፣ የነደፈችው እሷ፣ እንግዳ ሳሎን ውስጥ እያለ በዚያች በር ገብታ አታውቅም። ታግሳ ታግሳ፣ እንግዳው ሲወጣ ነበር የምትሮጠው። ይህን ስታደርግ ስንት ወር ኖራ አንድም ቀን አላሰበችውም።

ስትመለስ ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ የመጨረሻውን ጸሎት ሊጸልዩ ነበር። ጋሽ ሲላስ እግራቸውን ያጣጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ እንደገና ያጣጥፋሉ። ያ ሁሉ ሻይ የት ይገባል? ሃሌሉያ አየቻቸው።

«ጋሽ ሲላስ፣ መጸዳጃ ከፈለጉ ያው በሩ» አለች፣ በእጇ እያመለከተች።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ጋሽ ሲላስም አዩት፤ መስታወቱን አዩ፣ ስሱን ግድግዳ አዩ፣ አጠገባቸው የተቀመጡትን አዩ።

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ» አሉ። «ቤቴም ቅርብ ነው።»

«አባቴም እንዲሁ ደህና ነኝ እያለ ነው የከረመው» አለች ሃሌሉያ።

«ሃሌሉያ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። «ተይ።»

አልተወችም። ሁሉንም ተናገረች። ሽንት እንደሚያመላልሳቸው፣ በእንግዳ ፊት መግባት እንዳሳፈራቸው፣ ውሃና ሻይ የተዉት ለዚህ እንደሆነ፣ እትዬ የሺ ጓሮ ምን እንዳለ። በሩን እዚያ ያደረገችው እሷ እንደሆነች፣ ሰው ሲስቅባቸውም አብራ እንደሳቀች። «ጥፋተኛ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ» ብላ ጨረሰች። ስትናገር ሽማግሌዎቹን ነበር የምታየው። አባቷን ብታይ ኖሮ ምናልባት መሃል ላይ ታቆም ነበር፤ ጋሽ ጴጥሮስ ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፍነው ነበር።

ከዚያ ጋሽ ሲላስ ብድግ አሉና «አንዴ ይቅርታ» ብለው ወጡ። በመስኮቱ ሲያዩአቸው፣ የጋሽ ጴጥሮስን ጥቁር ጃንጥላ ይዘው በጥድፊያ ወደ ወይዘሮ የሺሃረግ ግቢ ገቡ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ ሲላስ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። የጓደኛቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው ይቅር በለኝ አሉ፤ ሌሎቹም አሉ። ከወይዘሮ የሺሃረግም ደጅ ሄደው ይቅርታ ለመጠየቅ፣ ለምእመኑም ለመናገር ተስማምተው፣ ጸልየው ሄዱ።

ሃሌሉያ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። አባቷ እቅፍ የሚያደርጓት መስሏት ነበር። እሳቸው በርጩማው ላይ እንደነበሩ ናቸው።

«ሃሌ» አሉ ዝግ ብለው። «ያላደረግሁትን ሲያወሩብኝ፣ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን ብዬ ተኝቼ አድር ነበር። ይሄኛው ግን እውነት ነው። ከእንግዲህ ከዚህ በር ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ወዴት እንደምሄድ ያውቃል።»

«ስምህን ላድን ብዬ እኮ ነው አባባ።»

«አውቃለሁ። እኔንም ብትጠይቂኝ ጥሩ ነበር።»

ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። ሃሌሉያ ብርጭቆዎቹን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ሁለት ጊዜ አዋረደቻቸው፤ መጀመሪያ በበሩ፣ ከዚያ በአፏ። ሁለቱንም ጊዜ አልጠየቀቻቸውም ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ጴጥሮስ ጃንጥላቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ማዶ ያለችው ባለሱቅ በደግነት «አይዞዎት ጋሽዬ» አለቻቸው። ክፋት አልነበራትም። እሳቸው ግን ከመንገድ ተመለሱ።

ሃሌሉያ ይህን ከላይ ከመስኮቷ አየች። የዚያኑ ዕለት ግንበኞቿን አምጥታ የሥራ ክፍሏን አስፈረሰች። ከአባቷ መኝታ ጎን ያለችውን፣ ጥሩ ብርሃን የምትገባውን፣ በደንበኞች ፊት የምትኩራራባትን ክፍል። የስዕል ጠረጴዛዋን ከላይ አልጋዋ ሥር እግሩን አጥፋ ወሸቀችው። በክፍሉ ውስጥ ሽንት ቤት ተሠራ፤ በወፍራም ብሎኬት፣ በሩም ወደ አባቷ መኝታ። አንድ መስመር ከማስመሯ በፊት ግን ክፍላቸው ገብታ «በሩ ወዴት ይከፈት? መብራቱ የት ይሁን?» ብላ ጠይቃቸዋለች። እሳቸውም ጭንቅ እያላቸው፣ በጣታቸው ግድግዳውን እየነኩ ነግረዋታል። ከሶፋው ፊት ለፊት ያለው በር ተነቀለ፤ ከደረጃው ሥር አሁን መጥረጊያና ባልዲ አለ።

ቴሌግራም ላይ ያያት ሰው አሁንም ይመጣል። «ያቺ የደረጃ ሥሯስ የታለች?» ይላታል። «ተሳስቼ ነበር» ትላለች። ለምን ብሎ ከጠየቃት ሌላ ፕላን ትዘረጋለታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ እንደ ድሮው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ጋሽ ጴጥሮስ ከክፍላቸው ወጡ። ያን የብረት ኩባያ ይዘው ነበር። ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጡና ሻይ ተቀዳላቸው። ቀስ እያሉ ጠጡት፤ ሲያልቅ ኩባያውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ድገሚኝ» አሉ፣ ፊቷን ሳያዩ።

እሷም ፊታቸውን ሳታይ እስከ አፉ ሞላችላቸው።